እህ ያላልኩበት ቅዳሜ

እጄ ነው ጉዱን ያመጣብኝ። ስብሰባ ላይ ከተቀመጥኩ እጄ ከኔ ሳይማከር ብድግ ይላል። ባለቤቴ አስናቀች ይህን አመሌን ስለምታውቅ እድር በሄድን ቁጥር በቀኜ በኩል ትቀመጥና ክንዴን ጫን ብላ ትይዝልኛለች። የዚያን እሁድ ግን ፉሪ የምትኖረው እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ሄዳ ነበር። በቀኜ የተቀመጠው ጭልጥ ያለ እንቅልፍ የወሰደው አንድ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ታሪክ ቀጂ ሆኜ የወጣሁት በዚያ ቀን ነው።

የላፍቶ ሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ የቀረ የሚመዘግብ፣ ስልክ ላይ ያለውን የእድሩን ግሩፕ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስከፍተው ፎቶ አምጣ አለኝ፤ የእድሩን ድንኳን አስገባለሁ ስል የራሴ ፊት ገባ። ላወጣው ብታገል ብታገል እምቢ አለኝና ተውኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ለሰፈሩ መርዶ የሚነግረው የኔ ፈገግታ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

አሁን አባባ ቶሎሳን ላስተዋውቃችሁ። እኛ ሁላችን ኮንዶሚኒየም ደርሶን፣ ወይ ተከራይተን፣ ወይ እንደምንም ብለን ወደ ላፍቶ የመጣን ነን። እሳቸው አልመጡም፤ ላፍቶ ናት የመጣችባቸው። እኔ የምኖርበት ብሎክ የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ዐይናቸው ደህና ሳለ አንድ ቀን ደጅ አገኙኝና ስንተኛ ፎቅ እንደምኖር ጠየቁኝ። ሦስተኛ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩና፣ እዚያ ላይ እንኳ አርሰው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ዛሬ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ በቀረቻቸው ግቢ ሁለት ላሞች አሏቸው፤ ልጃቸው ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ወተት ታድላለች፣ ከዚያ መንገድ ዳር ያለችውን ሱቋን ትከፍታለች።

በዚያ ስብሰባ ላይ ጫልቱ ተነሳች። በአባቷ ጉሮሮ ላይ እብጠት መገኘቱን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ዕለት ኦፕራሲዮን እንደሚደረጉ፣ ሐኪሙም ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል መናገሩን አስረዳች። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ።

«እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው» አለች። «ዛሬ እሱን አልጠይቅም። አባቴ የዚህን አገር ነገር፣ የአያቶቹን ስም፣ ሁሉንም ያውቃል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ነገ እያልኩ አልያዝኩለትም። ከሰኞው በፊት ድምፁን አስቀሩልኝ። ልጆቼ ከእሱ አፍ እንዲሰሙት ነው።»

ሊቀመንበሩ ማን ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ጠየቀ። ወደ ቀኜ ዞር ብል እጄ አየር ላይ ነው።

በእንጀራዬ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። እኔ ጋ አንድ ብሎን ሲገባ እንኳ አገላብጬ፣ ለክቼ፣ ከናሙናው ጋር አስተያይቼ ካልሆነ አልፈርምም። በዚህ ጠባዬ ስንት ሹፌር በሬ ላይ ሲራገም ውሏል። ታዲያ ብሎንን እንዲህ የምረከብ ሰው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በምን ዓይነት ዕቃ ልረከብ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። አስናቀች ከፉሪ ተመልሳ ነገሩን ስነግራት፣ ስልኬ ድምፅ አይቀዳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአዘኔታ አየኋት። ምስኪን፣ ሞኖና ስቴሪዮ ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔም ያወቅኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

ኢንተርኔት ገባሁ። መግባቱ ቀላል ነበር፤ የወጣሁት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ለካ ሽማግሌ ማናገር ትልቅ ትምህርት ኖሯል። የማይክ ዓይነት፣ የፋይል ዓይነት፣ የሚሞሪ ዓይነት፣ ሄድፎን፣ ትርፍ ባትሪ፣ ለትርፉም ትርፍ። የሚያስፈልገኝን ሁሉ ልክ እንደ መጋዘኑ ገቢ ዕቃ በመዝገብ አሰፈርኩ። ከሁሉ በላይ ሦስት ሕጎች በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ቀረጻ ሲጀመር ስልክ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ጠያቂው ድምፅ አያሰማም፤ መስማቱን ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይገልጻል። ሦስተኛ፣ ቅጂው ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል። ሦስቱንም በቃሌ ያዝኳቸው፤ ምነው ባልያዝኳቸው።

መጀመሪያ የሞከርኩት አስናቀች ላይ ነው። ሳሎን አስቀመጥኳትና ሙሉ ስሟን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንን አግብቼ እንደኖርኩ መልሳ ጠየቀችኝ። ቅጂውን ሳዳምጥ ከድምፅዋ ኋላ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ነገር ሰማሁ። ፍሪጁ ነው። ሶኬቱን ነቀልኩና እንደገና ቀዳኋት፤ ጥርት አለ። ደስ ብሎኝ ሥራ ሄድኩ። ሶኬቱን መመለስ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ በማግስቱ አመሻሽ፣ አስናቀች ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ሥጋ አፍንጫዬ ስር ስታቀርብልኝ ነው። በዚያ ሳምንት ሽሮ በላን፤ ሳምንቱ ጾም አልነበረም።

ከዚያ ወንድም ማርቆስ ጋ ሄድኩ። ማርቆስ ምድር ቤት የሚኖር የወላይታ ሰው ነው፤ በእጁ እንጨት ይሠራል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቸርቻቸው ውስጥ የድምፅ መሣሪያው ላይ ያገለግላል። ሰው ሲቸገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ጉዳዬን ሳልጨርስ ተነስቶ፣ ጌታ ይባርክህ ብሎኝ፣ ስምንት ማይክ የሚቀበል ሰፊ መሣሪያ፣ አንድ ስፒከርና አንድ የማይክ እግር ተሸክሞልኝ አባባ ቶሎሳ ግቢ ደረሰ። ላሞቹ መንገድ ለቀቁልን።

አባባ ቶሎሳ ማይኩ አፋቸው ላይ ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኔ ቶሎሳ ጉደታ…» አሉ። ስፒከሩም «ጉደታ… ደታ… ታ…» አለ። ሽማግሌው ዝም አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ የሚናገር ሰው አያቋርጡም፤ ኢኮው እስኪጨርስ ጠበቁ። ሲያልቅ አንዲት ቃል ይጨምራሉ፣ እንደገና ይጠብቃሉ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ከአባታቸው ስም አላለፍንም። ማርቆስን ኢኮውን እንዲያጠፋው ለመንኩት። ማርቆስ ግራ ተጋብቶ መሣሪያውን ዙሪያውን ፈለገ፤ ለካ ይህን ያህል ዓመት ሲያገለግል ኢኮ ይጨመር የሚለው እንጂ ይጥፋ ያለው አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ አባባ ቶሎሳ ያ የሚከተላቸው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ወገን እንደሚወለድ በትሕትና ጠየቁን። ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን።

ሁለተኛው ሙከራዬ የሰርግ ቪዲዮ ከሚያነሳ አንድ የብስራተ ገብርኤል ወዳጄ የተዋስኳት፣ ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ናት። ሙሽሮች ኮት ላይ ስትሰካ ጉድ ታሰኛለች አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ሙሽራ ጋቢ አይለብስም። አባባ ቶሎሳ በተነፈሱ ቁጥር ጋቢያቸው ማይኳን ይፈትጋታል። በዚያ ላይ የአባታቸውን ስም ሲያነሱ ደረታቸውን መምታት ልማዳቸው ነው፤ የአያታቸውን ሲያነሱ ሁለቴ ይመታሉ። ቤቴ ገብቼ በሄድፎን ሳዳምጠው አንድ ሰው ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ እየደለቀ ጭድ የሚያበራይ መሰለኝ። ጣልኩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቀኑ ይሄዳል። ጫልቱ ወተት ልታደርስ ስትመጣ በር ላይ ታየኝና ወተቱን አስረክባኝ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት ግን የአባቷ ድምፅ እየሰለለ መሆኑን፣ ትናንት ውሻውን ሲጠሩት እንኳ ውሻው እንዳልሰማቸው ነገረችኝ። አይዞሽ፣ ቅዳሜ ያለ ጥርጥር እንጨርሳለን አልኳት። ስናገር ድምፄ የሚኒስትር ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ኦፕራሲዮኑ ሰኞ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ድምፅ ስቱዲዮ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ እውነተኛውን ሪከርደር አዋሰኝ። የእጅ ሳሙና ብታክል ነው፤ ጫፏ ላይ ነፋስ የሚከለክል ጥቁር ስፖንጅ አላት። ስፖንጁ ብቻ ከሁላችንም በዋጋ እንደሚበልጥ አስጠነቀቀኝ። ስልኬን አጠፋሁ። ላሞቹን ወደ ጓሮ አስነዳሁ። ጫልቱን እንኳ ኮቴዋ እንዳይሰማ ሱቋ ላክኋት። አባባ ቶሎሳ መደቡ ላይ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ፣ ሪከርደሯ መሐላችን። ቁልፏን ተጫንኩ፤ ቀይ መብራት በራ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የተሟላ ርክክብ አላየሁም።

አባባ ቶሎሳ እንደ ደንቡ በምርቃት ጀመሩ። እጃቸውን ዘርግተው ልጆቻችን ይደጉ፣ ሰፈሩ ሰላም ይሁን አሉ። እኔ በሁለተኛው ሕግ መሠረት ራሴን በከባዱ ነቀነቅኩ። እሳቸው ጠበቁ። ምናልባት አልተሰማ ይሆናል ብለው መሰለኝ ምርቃቱን ከፍ አድርገው ደገሙት። እኔም ከፍ አድርጌ ነቀነቅኩ። ግንባራቸው ተቋጠረ። ቢሆንም ቀጠሉ፤ የድሮውን ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ የነበረውን ዛፍ ማውራት ጀመሩ። ሁለት ቃል ይላሉ፣ ያቆማሉ። ሁለት ቃል ይላሉ፣ ጆሯቸውን ወደኔ ያዘነብላሉ። ራሴን እንደ እንሽላሊት እያወዛወዝኩ ነው። ሞራ የጋረደው ዐይን የኔን ጭንቅላት ከየት ያየዋል? ይህ እንግዲህ አሁን ነው የገባኝ።

ጥቂት ቆይቶ ጨርሰው ዝም አሉ። እዚህ ቤት ሰው እንዳለ ጠየቁ። እኔ ልመልስ አፌን ከፍቼ፣ ቀይዋን መብራት አየሁና ዘጋሁት። በዚህ መሐል ጫልቱ ልቧ አላስችል ብሏት ተመልሳ መጣች።

«ጫልቱ፣ ጸሐፊው አለ?» አሏት።

«አለ እኮ አባዬ፣ ፊትህ ተቀምጧል።»

«እንግዲያው ንቆኛል» አሉ። «መረቅኩት፣ አሜን አላለም። አወራሁለት፣ እህ አላለም። የቀረችኝን ድምፅ እህ ለማይል ሰው አልጨርስም።»

ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ብል፣ ማሽኗ እንደዚያ እንደምትፈልግ ብምል፣ አንዴ የተዘጋ ጆሮ አልከፈት አለኝ። ሪከርደሯ ውስጥ የቀረኝ ጥራቱ የማይታማ፣ ምንም የፍሪጅ ድምፅ የሌለበት ዝምታ ነው። ጫልቱ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ መሣሪያ መረጡ። አባዬን ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰሙትም።» ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአስናቀች ነገርኳት። ስለ ሪከርደሯም፣ ስለ ሁለተኛው ሕግም ስነግራት ታግሳ ሰማችኝ። አሜን አለማለቴ ላይ ስደርስ ግን ብድግ አለች። የሰው ምርቃት አፍህን ዘግተህ ተቀበልክ? ሰው ያሳደገህ አይደለህም? የታመመ ሽማግሌ! ወረደችብኝ። በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ኪሎ ሙዝ ይዛ፣ እኔን ከፊት አስቀድማ ይቅርታ ልትጠይቅልኝ ሄደች። ሪከርደሯን በኪሴ ሸጎጥኩ። አይቀርም፣ ካስታረቀችን እንቀዳለን ብዬ ነው።

አባባ ቶሎሳ አስናቀችን በደስታ ተቀበሏት። እኔን ግን አላስገቡኝም። አሜን የማይል ሰው ከላሞቹ ጋር መቆየት ይችላል፣ እነሱም አይሉም አሉ። አስናቀች ዞር ብላ አየችኝና በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። እኔ ግቢው ውስጥ ቡቺ ከሚባለው ውሻና ከሁለቱ ላሞች ጋር ቀረሁ። ጫልቱም ከሚስቴ ጋር ገባች።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማኝ። ቀጠን ብሏል፣ ግን ይወርዳል። በየመሐሉ አስናቀች «እህ!» ትላለች። «በሞቴ!» ትላለች። «ወይ ጉድ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ይሄኔ ሽማግሌው ሞቅ ይላሉ። ሰውዬው እያወሩ ነው! ነገ ሰኞ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያሳደድኩት ታሪክ እዚያ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ማሽኗ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ፣ እኔ ደግሞ በረት ውስጥ።

አንደኛው ሕግ ትዝ አለኝና በመጀመሪያ ስልኬን አጠፋሁ። ከዚያ ሪከርደሯን አወጣሁ። ወደ መስኮቱ የሚያደርሰው መንገድ በበረቱ በኩል ብቻ ነው። የላሞቹን መመገቢያ ገንዳ ገልብጬ ወጣሁበትና እጄን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁ። ቡቺ ሌባ ያዝኩ ብሎ ሱሪዬን ያዘ። ሽሽ ብለው ባሰበት። አንድ እጄን ለውሻው አንድ እጄን ለታሪክ ሰጥቼ ቆሜ ሳለ፣ መዳፌ ላይ ሞቅ ያለ፣ ሸካራ ነገር ተሰማኝ። ዞር ብል ቀይዋ ላም ስፖንጁን ከሪከርደሯ ላይ ነቅላ እያላመጠችው ነው። ካፏ ልቀማት ብል ዋጥ አደረገችው። አንገቷን አቅፌ ለመንኳት፤ አመነዠከች እንጂ አልመለሰችልኝም። ከዚያ በኋላ በተገለበጠው ገንዳ ላይ ተቀመጥኩና ራሴን ያዝኩ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ለቅሶ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ «አሜን! አሜን!» ይባላል። እኔ ምኑም አልደረሰኝ። የጫልቱን ፊት በምን ዐይኔ አያለሁ እያልኩ ሁለት ሰዓት ከላም ጋር ተፋጠጥኩ።

አስናቀች ስትወጣ ዐይኗ ቀልቷል። ሰማህ አለችኝ። ምኑን ልስማ አልኳት፤ በረት ውስጥ አስቀምጣችሁኝ! የምቀልድ መስሏት ትከሻዬን መታ አድርጋ አለፈች። መንገድ ስንወጣ ምርር ብሎኝ እንባዬ ሊመጣ ነው። ሁሉ ነገር ጠፋ፣ አንድ ቃል እንኳ አልተቀዳም፣ በዚያ ላይ የሰው ስፖንጅ ተበላ እያልኩ አጉረመርማለሁ። እሷ እያየችኝ ግራ ገባት።

ጎሚስታው ጋ ስንደርስ ሰውዬው ጎማውን ትቶ ቀና አለና፣ «ጸሐፊው፣ አሜን በል እንጂ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ይሄ ደግሞ ምን ሆኗል ብዬ አለፍኩት። ጥቂት ራመድ እንዳልን ጉሊት የምትቸረችር አንዲት ሴትዮ ሽንኩርቷን ሳታነሳ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። ሽንኩርቱ አላስለቀሳትም። ስልኳን ድንቹ ላይ ደግፋለች፤ ከስልኩ ውስጥ የአባባ ቶሎሳ ድምፅ እየወጣ ነው።

«…መሬቱ ሲያልቅ በሬዬን ምን ላድርገው? ሸጥኩት። ገዢው ስሙ ማን ነው አለኝ። ልነግረው ብል አፌ እምቢ አለ። በስሙ እንዳይጠራው መሰለኝ…»

«እህ፣ እህ አባባ…» ይላል የሚስቴ ድምፅ።

ባለሁበት ደነዘዝኩ። ማዶ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላኛው የድምፅ ቁራጭ እየሄደ ነው፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ሰውዬና ምላጭ የያዘው ፀጉር አስተካካይ ቀጥ ብለው ቆመው የአባባ ቶሎሳን ሰባት አያቶች ይሰማሉ። ቶሎሳ ጉደታ፣ ጉደታ በዳዳ፣ እያሉ ሽማግሌው አንድም ሳያዛንፉ ይወርዳሉ፤ በእያንዳንዱ ስም ደረታቸው ይመታል። ደግሞ እንዴት ያምራል!

ስልኬን አበራሁ። ብታዩት፣ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ተንጣጣ። የእድሩ ግሩፕ ላይ ዘጠኝ የድምፅ መልእክት፣ ሁሉም ከአስናቀች። ለካ ውስጥ ገብታ፣ አባባ፣ ባሌ ውጭ ሆኖ ይስማና ይቀጣ፣ በስልክ ልላክለት ብላ ፈቃድ ጠይቃለች። እሳቸውም፣ ላኪለት፣ የሚሰማ ሁሉ ይስማ ብለዋታል። እሷ ፉሪ ላለችው እህቷ በቀን አሥር ጊዜ ድምፅ የምትልክ ሴት ናት፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሽማግሌው ውሃ ሲጎነጩ አንዱን እየላከች ሌላውን ትጀምራለች። የኔን ስም ስትፈልግ የኔን ፎቶ አየች፣ የኔን ፎቶ ተጫነች። ያ ግን እኔ አልነበርኩም፤ ግሩፑ ነበር። አልነገርኳችሁም፣ ኋላ ትመጣለች ብዬ?

እንግዲህ መላው እድር በቀጥታ ሲከታተል ከሰፈሩ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ጎሚስታው ለምን እንደሳቀም የገባኝ አምስተኛውን ስከፍት ነው። እዚያ ላይ አባባ ቶሎሳ ባልሽ ድዳ ነው እንዴ ብለው ይጠይቃሉ። ኧረ አባባ፣ ቤትማ ማን ያስቆመዋል፣ ማሽኑ እንዳትናገር ብሎት ነው ትላለች። እሳቸውም ትንሽ አስበው፣ «ማሽኑ በዕድሜ ከኔ ይበልጣል?» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱ ሲስቁ ለረጅም ጊዜ ይሰማል።

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና እፎይ አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንባዬ እስከ ታች አየር አገኘ። ድምፁ አለ! ከነሳቁ፣ ከነሳሉ አለ! ሦስተኛው ሕግ ደግሞ ሦስት ቦታ ይቀመጥ ነው የሚለው፤ ይሄ ከላፍቶ አልፎ ፉሪ ደርሷል፤ ልደምስሰው ብል እንኳ አልችልም። ጫልቱ ደወለች። ዘጠኙንም ስልኳ ላይ ማስቀመጧን ነገረችኝና አስናቀችን አገናኘኝ አለች። ሁለቱ ሲላቀሱ ስልኬን ይዤ ቆምኩላቸው።

ሰኞ ኦፕራሲዮኑ በሰላም ተጠናቀቀ። እብጠቱም ክፉ ነገር እንዳልሆነ ተነገረን። ሐኪሙ ግን አንድ ወር ሙሉ ትንፍሽ እንዳይሉ አዘዘ። ሰፈሩ ሊጠይቃቸው ሲጎርፍ አባባ ቶሎሳ መደቡ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ጫልቱ ስልኳን መሐል ታስቀምጥና ድምፃቸው ያወራል። እንግዳው ስልኩ ባረፈ ቁጥር እህ ይላል፣ ምርቃት ሲመጣ አሜን ይላል። እሳቸው አንገታቸውን ወደ ሰው ሰው አዘንብለው ማን እንዳለ፣ ማን እንዳላለ ይቆጥራሉ። ማርቆስ አንድ ቀን መጥቶ ሰማና፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ኢኮ ብቻ አነሰው አለ።

ወሩ ባለቀ ቀን ጫልቱ ጠራችኝ። ሐኪሙ ቀስ ብለው እንዲሞክሩ ፈቅዷል። አስናቀች እህቷ ጋ ነበረችና ብቻዬን ሄድኩ። በእርግጥ ሪከርደሯን ይዣለሁ፤ አዲስ ስፖንጅ ገዝቼላታለሁ፣ አዲስ ባትሪ አጉርሻታለሁ። የመጀመሪያዋ ቃል ታሪክ ናት፣ አታመልጠኝም ብዬ ነው። አባባ ቶሎሳ እንድገባ በእጃቸው ጠሩኝ። እጃቸውን ዘረጉ። ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ፣ እኔና ጫልቱ ትንፋሻችን ቆመ።

«ልጆቻችን… ይደጉ» አሉ።

ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን የራሳቸው ነው። ከዚያ አቆሙና ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ።

«አሜን!» አልኩ። አወጣጤን ብትሰሙ፣ ቡቺ ደጅ ላይ ጮኸ፣ ላሞቹም ጮኹ። አባባ ቶሎሳ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እጃቸው እጄን ፈልጎ ያዘና፣ ቅዳሜ ያቋረጡትን ወንዝና ማዶ የነበረውን ዛፍ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ጫልቱ እንዳይደክማቸው ብላ እስክታስቆመን ድረስ እህ አልኩ፣ በሞቴ አልኩ፣ ከዚያስ አልኩ። አንድ ጊዜ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ቤት ስደርስ አስናቀች ከፉሪ ተመልሳለች። ቀዳህ ወይ አለችኝ። ሪከርደሯን ከኪሴ አወጣኋት። እንደገባች ነው የወጣችው፤ ቁልፏን ጨርሶ አልነካሁትም።

አስናቀች አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየችና ሳቋ አመለጣት። ልትቀመጥ ስትል ግን፣ አትሳቂ፣ ሁሉም አለ አልኳት። አጠገቤ ሳብኳትና ከወንዙ ጀመርኩ፤ ክረምት ሲሞላ ማን ማንን እንዳሻገረ፣ ከዛፉ ስር ማን እንደታረቀ፣ በእሳቸው ቃል፣ እሳቸው ባረፉበት እያረፍኩ።

አስናቀችም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ «እህ» አለችኝ።